የአራዳ ገበያ፣ ባለ እጆችና የዕድራችን ዶማ



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ አንድ ወጣት አባላችን እጁን አውጥቶ፣ «ሁልጊዜ አራዳ፣ አራዳ ትላላችሁ፤ ለመሆኑ የአራዳ ገበያ የት ነበር? ማንስ ይገበያይበት ነበር?» ሲል ጠይቆን ነበር። በዚያን ዕለት የቀረበው ጉዳይ ከባድ ስለነበረና ሰዓቱም ስለገፋ ሳንመልስለት ተለያየን። ጥያቄው ግን እቤታችን ድረስ ተከትሎን መጣ። ስለዚህ ከአባቶቻችን የሰማነውን፣ በልጅነታችን በዓይናችን ያየነውንና ከዚህም ከዚያም አንብበን የያዝነውን አሰባስበን በዚህ መጽሔት ላይ ለማስፈር ተነሥተናል። አባላት እንደሚያውቁት ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንንም የጨረስነው በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስንመዘግብና ቁጥር ስንሰጥ ነው። የታሪክ ሊቅ ነን አንልም። ስሕተት ያገኘ አባል ቢያርመን ደስ ይለናል እንጂ አንቀየምም።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። የዚያን ጊዜዋ ከተማ እንደ ዛሬው በመንገድ የተሳሰረች አልነበረችም። መኳንንቱ በየጉብታው ድንኳናቸውን ተክለው፣ ሎሌዎቻቸውን በዙሪያቸው አስፍረው ይኖሩ ስለነበር ከተማ ማለት የሰፈሮች ስብስብ ነበረች፤ በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ገደል ነበረ። ይህን ሁሉ ሰፈር የሚያገናኙት ሁለት ቦታዎች ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ቤተ መንግሥቱ፣ ማለትም ግቢ ነው፤ ሁለተኛው አራዳ ነው። ወደ ግቢ የሚሄደው የተጠራ፣ የተከሰሰ ወይም ደጅ የሚጠና ሰው ነው። ወደ አራዳ ግን ማንም ይሄዳል፤ ጌታውም፣ ሎሌውም፣ ፈረንጁም፣ ዓረቡም፣ ህንዱም፣ አርመኑም ይገናኝበታል። ዛሬ ወጣቶች ብልጥ ሰው ሲያዩ «አራዳ ነው» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ዓይነት ሰው የሚያይ ሰው ዓይኑ ይከፈታላ!

የአራዳ ገበያ የነበረው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ሰው በየቀኑ ቢገበያይም ትልቁ የቅዳሜው ገበያ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸዋ አውራጃዎች ሁሉ፣ ከጉራጌ፣ ከጅማና ከወለጋም ሳይቀር በአህያና በበቅሎ የተጫነ ዕቃ ይገባ ነበር። ሒሳቡ የሚወራረደው በማርትሬዛ ብር ሲሆን ለመልስ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር፤ ጥይትም እንደ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። አሁን ባለሱቅ ዝርዝር ሲያጣ ማስቲካ እንደሚሰጠን መሆኑ ነው።

ገበያው ዝም ብሎ ዝብርቅርቅ ያለ አልነበረም። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ ነበረው። እህሉ በእህል ተራ፣ ቅቤና ማሩ በራሱ ቦታ፣ ፈረስና በቅሎው ለብቻው ይቆማል። የበላዩ ነጋድራሱ ነው፤ በሹማምንቱ አማካይነት ቀረጥ ያስከፍላል፣ በገበያተኛው መካከል የተነሣውን ጠብ ይዳኛል። እኛን የሚያሳስበን ግን የባለ እጆቹ ተራ ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ የያዘው ብረት ሠሪ፤ ኮርቻና ልጓም የዘረጋው ቆዳ ሠሪ፤ ጋቢና ኩታ በትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው ሸማኔ፤ ገንቦ፣ ምጣድና ድስት በሣር ላይ ደርድራ የተቀመጠችው ሸክላ ሠሪ፤ መስቀልና አምባር በጨርቅ ጠቅልሎ የያዘው ብር ሠሪ፤ እነዚህ ሁሉ ከሠሩበት እጃቸው በቀጥታ ለሚገለገልበት ሰው ይሸጡ ነበር። መሐል ላይ ደላላ የለም፣ መስኮት የለም። ማረሻው ቢታጠፍ ገበሬው በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቶ ሠሪውን ራሱን ያገኘዋል። አባታችን ይህን ሲተርኩልን፣ «በአራዳ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ለገበያ ይወጣ ነበር» ይሉ ነበር።

ይኸው ሜዳ ደግሞ ገበያ ብቻ አልነበረም። አዋጅ ሲኖር ነጋሪት የሚጎሰመው እዚያው ነው። ጥፋተኛ የሚሰቀለው በገበያው መካከል ከነበረው ትልቅ ዛፍ ላይ ነው። ሥርዓተ ንግሥ የተፈጸመውም በዚያው በጊዮርጊስ ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ድስት ሊገዛ ወጥቶ አዋጅ ሰምቶ፣ ስቅላት አይቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ሳይገዛም ይመለስ ነበር። አደባባዩና ገበያው አንድ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ነገር አባላት በልባቸው ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዳግማዊ ምኒልክ ለቤተ መንግሥታቸው ሥራ ከየአገሩ ባለ እጅ አሰባስበው ነበር። ከአራዳ በታች ያለው ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ሰዎች ነው። ወርቅ ሠሪ፣ ብር ሠሪ፣ አናጢና ብረት ቀጥቃጭ በዚያ ሰፈሩ። ከእንጦጦ ሥር በቀጨኔ በኩል ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ተቀመጡ። ከጋሞ ተራራማ አገር የመጡት ሸማኔዎች ደግሞ ወደ ጉለሌና ወደ ሽሮ ሜዳ ገቡ። ዛሬ የአገር ልብስ መግዛት የፈለገ ሁሉ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መወርወሪያው እዚያ ስላላረፈ ነው።

ነገር ግን እውነቱን ካልተናገርን ታሪክ ጻፍን አይባልም። አገሩ የባለ እጁን ሥራ ይወዳል፤ ባለ እጁን ግን ይንቃል። ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናት ተብሎ ልጅ ይሸሸግባታል። በእርሷ ድስት ወጥ ይሠራል፣ በእርሷ ምጣድ እንጀራ ይጋገራል፤ እርሷ ግን ከማዕዱ አትቀርብም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። በሥራው ምክንያት ሠራተኛን የሚሰድብ ሁሉ ከዚህ ስድብ እንዲታቀብ፣ ባይታቀብ ግን በእስራት እንደሚቀጣ አዘዙ። እንዲህ ከቀጠለ ማረሻ የሚሠራ እንኳ እንዳይጠፋ ይሠጉ ነበር። በአዋጁ ውስጥ ጸሐፊውም «ጠንቋይ» ተብሎ እንደሚሰደብ ተጠቅሷል። ይህን ስናነብ ሳንስቅ አልቀረንም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች እኛም ከተሰዳቢዎቹ ወገን ኖረናል! አዋጁ በአራዳ ተነገረ እንጂ ልማዱ ግን ከየቤቱ አልወጣም። እኛ ከተወለድን በኋላ እንኳ ነበረ፤ ምስክሮቹ እኛው ነን።

ወደ አደባባዩ እንመለስ። ከንግሥ በዓሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት ተመረቀ። ስድስት ዓመት ሳይሞላው ጠላት መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱን ለቅቀው ከሄዱ በኋላ ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. እስኪገባ ድረስ ባሉት ቀናት ከተማው ተዘረፈ፣ የአራዳ ሱቆች ነደዱ። ጣልያን እንደገባ ሐውልቱን አንሥቶ ቀበረው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስን በጥይት ደበደበ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ስለሆነው ፍጅት እዚህ አንዘረዝርም፤ ከአባሎቻችን ውስጥ አያቱን ያላጣ ጥቂት ነው።

ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን ጣልያን ገበያውን ያደረገው ነገር ነው። ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚኖርበት ከተማ ለመሥራት ፕላን አወጣና የአራዳን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ራጉኤል አካባቢ ወሰደው። አሮጌውን ቦታ «ፒያሳ» አለው፤ አዲሱን ቦታ «መርካቶ» አለው። በቋንቋቸው አንደኛው አደባባይ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ገበያ ማለት ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ሐውልቱም ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ስሞቹ ግን ቀሩ። አባላት ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ስሞች በየቀኑ ስንጠራ ልብ ሳንለው የምናልፈው ነገር አለ። አንድ የነበረው ቦታችን ለሁለት ተከፈለ። አደባባዩ እዚህ ቀረ፣ ገበያው ወዲያ ሄደ። ካፌውና ሲኒማው፣ የወርቅ ቤቱና የጫማ ቤቱ ፒያሳ ላይ ሆነ፤ መዶሻና ወናፍ፣ ሸክላና ድር መርካቶ ገባ። የወርቅ ሠሪው ሥራ መስታወት ውስጥ ገብቶ ያብረቀርቃል፤ ሠሪው ግን ከጀርባ ካለው ጓዳ ውስጥ ስለሚቀመጥ አይታይም። ማረሻ የሚቀጠቅጠውን ለማየት የሚፈልግ ደግሞ የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ተሻግሮ መሄድ ነበረበት።

እውነት ለመናገር መርካቶ ባለ እጆቹን አላጠፋቸውም፤ እንዲያውም አበዛቸው። ተራው ሁሉ በየስሙ ተሠራ። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጭድ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ እያለ ይቀጥላል። ከሁሉም ምናለሽ ተራን የሚያህል አላየንም። በወጣትነታችን ከመሥሪያ ቤት የተጣለ የፋይል ሣጥን ቁልፍ ለማሠራት ወደዚያ ተልከን ሄደን ነበር። በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ አንዱ በርሜል ቀዶ ምድጃ ያደርጋል፣ አንዱ የቲማቲም ቆርቆሮ ኩራዝ ያደርጋል፣ አንዱ ከመኪና ጎማ በረባሶ ይቆርጣል፣ አንዱ ጠማማ ሚስማር እየመታ ያቃናል። የወደቀ ነገር እዚያ ገብቶ ሌላ ስም ይዞ ይወጣል። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። እኛም ቁልፉን ረስተን ስናይ ዋልንና ስንመለስ የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቆረጠብን። አልቆጨንም።

ከቀጨኔ የሚወርዱት ሸክላ ሠሪዎች ወደ መርካቶ ሲሄዱ የሚያልፉት በእኛ ሰፈር ነበር። ገንቦና ድስቱን በገመድ አስረው፣ በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ጎህ ሲቀድ ነው የሚያልፉት። አንዳንዴ ቤታችን ደጃፍ አረፍ ሲሉ እናታችን ውኃ ታወጣላቸው ነበር፤ የምታወጣላቸው ግን በተለየ ጣሳ ነው። ያ ጣሳ ከቤታችን ዕቃ ጋር አይታጠብም ነበር።

እኛ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ከዚህ የባሰ አደረግን። ዕድሜያችን ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢሆን ነው። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ቆመን፣ ከአዋቂ የሰማነውን ስድብ እየዘፈንን ጠጠር ወረወርን። አንዲት እናት ደንግጠው አዳለጣቸው፤ ሸክማቸው ከመንገዱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። አንድም ነገር አልተረፈ። እርሳቸው ግን አልጮኹም፣ አልረገሙንምም። ተቀምጠው ገሉን አንድ በአንድ እያነሡ የቱ ድስት እንደነበረ፣ የቱ ጀበና እንደነበረ ለዩ። ከዚያ ባዶ ገመዳቸውን ጠቅልለው ወደ መጡበት ሽቅብ ተመለሱ። አንድ ሳምንት ሙሉ የተሠራ፣ የተለሰነ፣ የተተኮሰ ሥራ ነበር። አባታችን ማታ ሰምተው ገረፉን፤ የገረፉን ግን «የሰው ንብረት ሰበራችሁ» ብለው ነው። ሴትዮዋን ፈልጎ የካሰ ማንም አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ጽፈን አናውቅም።

አሁን ወደ ዕድራችን እንምጣ።

የዕድራችን አሮጌ መዝገብ በእጃችን ይገኛል። ጸሐፊነቱን ስንረከብ አብሮ የተሰጠን ነው። ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በፊት በተጻፉት ገጾች ላይ ስለ አንድ ብረት ቀጥቃጭ የሚናገር ቃለ ጉባዔ አለ። ሰውየውን እናውቃቸዋለን፤ ቤታቸው ከወንዙ በላይ ነበር፤ ከመርካቶ የሚመጣ ሥራ እቤታቸው ይቀጠቅጡ ነበር። ወናፋቸውን እንድናነፋ ሲፈቅዱልን እንደ ትልቅ ነገር እንቆጥረው ነበር። ስማቸውን ለልጆቻቸው ክብር ስንል አንጠቅስም። እኒህ ሰው የዕድሩ አባል ለመሆን ማመልከቻ አስገቡ። ቃለ ጉባዔው ላይ የተሰጠው ውሳኔ «ጉዳዩ ለጊዜው ይቆይ» ይላል። ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና አመለከቱ፤ አሁንም «ለጊዜው ይቆይ» ይላል። በመዝገብ ቤት የኖረ ሰው የዚህን ቃል ትርጉም ያውቀዋል። እምቢ ማለት ያፈረ ሰው የሚጽፈው ነው። እኛም ስንትና ስንት ደብዳቤ ላይ ጽፈነዋል። ከውሳኔው ሥር ከፈረሙት ሰባት ሰዎች አንዱ የእኛው አባት ናቸው። ፊርማቸውን ስናይ ወዲያው ነው ያወቅነው፤ «ለ»ን የሚጽፉት እግሯን አስረዝመው ነበር።

በዚያው መዝገብ የወጪ ገጽ ላይ ደግሞ ምን ይገኛል? «ለዶማና ለአካፋ ማሠሪያ የተከፈለ» ይላል። የተከፈለው ለእኚሁ ሰው ነው። መቃብር የሚቆፍረው በዚያን ጊዜ የዕድርተኛው ጎልማሳ ነበርና መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። የእርሳቸው ዶማ የማይታጠፍ ስለሆነ ከእርሳቸው በቀር ማንም እንዲሠራው አልተፈለገም። እንግዲህ የሰፈሩን ሙታን ሁሉ የምንቀብርበትን ዶማ ሠሩ፤ እርሳቸው ግን ቀባሪ የላቸውም።

የሆነው ሆኖ በክረምት ወራት የአራት ዓመት ልጅ ሞተባቸው። ዶማ ለመዋስ ወንድማቸውን ላኩ። ዕቃ ያዡ፣ «ደንቡ ከአባል ውጪ አያበድርም» ብሎ መለሰው። ደንቡም በርግጥ እንደዚያ ይላል። እኛ በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት ግድም ነበርን፤ ዝናብ ያካፋ ነበር። የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ የነበሩት ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ማንንም ሳያማክሩ ጥሩንባቸውን አወጡና ሰፈሩን ዞሩ። «ወደ ቀብር ውጡ» አሉ እንጂ የማን ቀብር እንደሆነ አልተናገሩም። ሰው ጥሩንባ ከሰማ ይወጣል፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። የማን ለቅሶ እንደሆነ የታወቀው ደጃፉ ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው። ከደጃፉ የሚመለስ ሰው አልተገኘም፤ ማን ከፊት ሆኖ ፊቱን ያዞራል? ዶማውም መጣ። እናታችን ንፍሮ ይዛ ሄደች፤ እዚያው ተቀምጣ ከእነርሱ ጋር በላች። ከዚያን ቀን በኋላ ያ ለብቻው የሚታጠበው ጣሳ ከቤታችን ጠፋ። ማን እንደጣለው አልጠየቅንም።

ጥሩንባ ነፊው ተቀጡ። መዝገቡ ላይ «ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ጥሩንባ በመንፋታቸው አንድ ብር ይቅጡ» የሚል አለ። ከፍለዋል፤ ከጎኑ «ገቢ ሆነ» ተብሎ ተፈርሟል። በሚቀጥለው ወር ገጽ ላይ የብረት ቀጥቃጩ ስም በአባላት ዝርዝር ውስጥ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት ይገኛል። «ይቆይ» የተባለው ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ የሚገልጽ ውሳኔ ግን የለም፤ ዝም ብሎ ገባ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አናረዝምም። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፤ ብዙዎቻችን የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆንን። ሸማኔውም፣ ብረት ሠሪውም፣ ሸክላ ሠሪውም በማኅበር እንዲደራጅ ተደረገ። የአንዳንዱ ማኅበር ዘለቀ፣ የአንዳንዱ ድር በኮታ ሲጠበቅ ፈረሰ። አንድ ነገር ግን እንመሰክራለን፤ «ጠይብ» ብሎ በአደባባይ መሳደብ ከዚያ በኋላ እያሳፈረ መጣ። በጓዳ ቀረ አልቀረ እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ።

አደባባዩም ማረፍ አላወቀም። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በምኒልክ አደባባይ አጠገብ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ የቆዩ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ሕዝቡም ወደ ከተማው ዳርቻ ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞችና አዳዲስ ቦታዎች ተዛወረ። ከእኛም ዕድር የሚበልጠው አባል ሄዷል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ተያያዘ፤ ከአባሎቻችን ሱቃቸው የነደደባቸው አሉ።

አዲሱን አደባባይ ለማየት ሁለት ሦስት ጊዜ ሄደናል። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማታ መብራቱ ያምራል፤ ጉልበታችንን ስለሚያመን መቀመጫው ጠቅሞናል። ከድሮው ጭቃና ሽታ ይሻላል፤ የማያምን ሰው ክረምት ላይ እዚያ ይኖር ያልነበረ ነው። ነገር ግን ተቀምጠን ስናስበው ከቀጨኔ የምትወርድ ሴት ሸክሟን የምታሳርፍበት ቦታ አላየንም። ምናልባት ከእንግዲህ በእግሯ አትወርድም ይሆናል። ስለ ዓድዋ የሚናገረው መታሰቢያ የቆመበት አካባቢ የዓድዋን ዘማቾች ጦርና ኮርቻ የሠሩት ሰዎች የኖሩበት መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለናል።

ያ ወጣት አባላችን ጥያቄውን ባቀረበበት ስብሰባ ላይ የነበረው ከባድ ጉዳይ ይኸው ነበር። አንዳንድ አባላት፣ «ራቅ ብለው የሄዱት ለቀብር በሰዓቱ ስለማይደርሱ ድርሻቸው ተሰጥቷቸው ይሰረዙ፤ ደንቡም ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል ይላል» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ደንቡ በርግጥ እንደዚያ ይላል። ሌሎች ደግሞ፣ «እነርሱ ሄዱ እንጂ ጥለውን አልሄዱም» አሉ። ብዙ ተጮኸ። መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባዔ የያዝነው እኛ ነን፤ የጻፍነውም «ጉዳዩ ለጊዜው ይቆይ» የሚል ነው። እቤት ገብተን አሮጌውን መዝገብ የከፈትነው በዚያው ሌሊት ነው።

የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው፤ አባላት ይቃወሙን። የአራዳ ገበያ ከቦታው ሲነቀል ገበያተኛው ተከትሎ ሄደ እንጂ ገበያው አልሞተም። ዕድርም የተመሠረተው ለመሬት ሳይሆን ለሰው ነው። በሩቅ ሰፈር ያሉት አባሎቻችን በየአካባቢያቸው ንዑስ ሰብሳቢ ይምረጡ፤ ድንኳኑና ወንበሩ ለሁለት ይከፈል፤ መዋጮው በባንክ ይግባ፤ ለቅሶ በስልክ ይነገር። የቀብር ቀን ያልደረሰ በሠልስቱ ይድረስ። ሦስት ቀብር የሚለው አንቀጽ ሁሉም በእግሩ ደርሶ በሚመለስበት ዘመን የተጻፈ ነውና በመጪው ጉባዔ ይሻሻል። ይህን ሐሳብ በጽሑፍ ለኮሚቴው አስገብተናል። ፊርማችን ከሥሩ አለ።

በመጨረሻም የንብረት ጉዳይ። የዕድሩ ዕቃ ቤት ከሰፈሩ ጋር ስለፈረሰ ዕቃው ለጊዜው በአንድ አባላችን ግቢ ይገኛል። በቅርቡ በተደረገው ቆጠራ ድንኳን 2፣ ብረት ድስት 5፣ አግዳሚ ወንበር 31፣ አካፋ 4፣ ዶማ 2 ተገኝቷል። በመዝገቡ ላይ ግን ዶማ 3 ነው። ዛሬ መቃብር የሚቆፍረው የቤተ ክርስቲያኑ ሠራተኛ ስለሆነ ዶማው የሚያገለግለው በክረምት የድንኳን ቦይ ለመቅደድ ነው። የጎደለው ከሦስቱ ያ የቆየው፣ አንገቱ ላይ የቀጥቃጩ ሁለት ሰረዝ ምልክት ያለበት ነው። በዕቃ ማመላለሱ ጊዜ ከአንዱ አባል ዕቃ ጋር ተጭኖ ሳይሄድ አልቀረም። ያገኘው አባል ለዕቃ ያዡ ወይም ለእኛ እንዲያስረክብ በአክብሮት እንጠይቃለን። ወደ ሩቅ ሰፈር የሄደ አባል ከሆነ ማምጣት አያስፈልገውም፤ ብቻ ይደውልልንና እዚያው እንዳለ እንመዘግበዋለን።